የምስክሮች ማንነት ሳይታወቅ ለአይኤልኦ (ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት) አቤቱታ ማቅረብ
የሠራተኛ ማኅበራችን ምዝገባ ተሰርዟል፤ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ታስረዋል። ለአይኤልኦ የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ አቤቱታ እያዘጋጀን ነው። አገሪቱ ስለ መደራጀት ነጻነት የሚደነግገውን የአይኤልኦ ስምምነት ቁጥር 87ን ባታጸድቅም፣ ማኅበሩም ቢሰረዝ ኮሚቴው ጉዳዩን ሊያይ ይችላል፤ በዚህ በኩል ችግር የለም።

በእጃችን የስረዛው ደብዳቤ፣ የ14 አባላት የስንብት ደብዳቤ እና ፖሊስ ስብሰባችንን ሲበትን ያዩ 6 ሠራተኞች የፈረሙበት ቃል አለ። ጣጣው አቤቱታው ለመንግሥት መልስ እንዲሰጥበት መላኩ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ስሞቹን አውጥተን «አንድ ምስክር» አልን፤ ያየው ጠበቃ ቀንና ቦታ የሌለውን ክስ መንግሥት በአንድ መስመር ክዶ ያልፈዋል አለን። ቀኑንና የሥራ ክፍሉን ስንጨምር ደግሞ በዚያ ክፍል በዚያ ፈረቃ የነበሩት 3 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ስማቸውን ከመጻፍ አይተናነስም። አባል የሆንበት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በራሱ ስም ሊፈርም ተስማምቷል፤ ይህ ግን የሚሸፍነው ፈራሚውን እንጂ ምስክሮቹን አይደለም።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ያዘጋጃችሁ፣ የምስክሮቹን ቃል ፌዴሬሽኑ ዘንድ አስቀምጠን አቤቱታውን በደብዳቤዎቹ ብቻ ብናስደግፈው ለኮሚቴው በቂ ማስረጃ ይሆናል?