ኤክስፔክቴሽን የሚለው ቃል መላ አሳጥቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ላለ ሆቴል የሪሴፕሽን ልጆች ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ አሁን ግን ኤክስፔክቴሽን ላይ ቆመናል።

ልጆቹ የያዙት «መጠበቅ» የሚለውን ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዌይት እንደሆነ፣ ነገ እንግዳ ይመጣል ብሎ ማሰብ ደግሞ ኤክስፔክት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ችግሩ የመጣው የእንግዶችን አስተያየት ስናነብ ነው። አንዱ «ሜት ማይ ኤክስፔክቴሽንስ» ብሎ ጽፏል። አንዷ ልጅ ሜትን «አገኘ» ብላ ተርጉማ «ማንን ነው ያገኘው?» አለችኝ። እዚህ ጋ እኮ ቃሉ መለኪያ ነው፣ ሆቴሉ እንዳሰብኩት ሆኖልኛል ማለቱ ነው። አለቃ «አይ ኤክስፔክት ዩ ቱ ቢ ኦን ታይም» ሲል ደግሞ ግምቱን እየነገረህ አይደለም፤ በሰዓቱ ተገኝ እያለህ ነው። ይሄን ልዩነት ሳይለዩ ሥራ ላይ ቢቆሙ በጣም ያሳስበኛል።

ከመካከላቸው ስታትስቲክስ የሚማር ልጅ አለ። እሱ ጋ ኤክስፔክቴሽን ሌላ ነገር ሆነ፣ የብዙ ሙከራ አማካይ ማለት ነው፤ የሉዶ ዳይስ ብዙ ጊዜ ሲጣል አማካዩ ወደ 3.5 ይጠጋል፣ ግን 3.5 የሚባል ገጽ የለውም፣ ታዲያ እንዴት ይጠበቃል ብሎ ያዘኝ። የሒሳቡን ለብቻው ላቆየው ወይስ አብሬ ላስረዳ?

እናንተ የምታስተምሩ፣ ከየቱ ትጀምራላችሁ? በነጠላ ሲሆንና መጨረሻው ላይ ኤስ ሲጨመርበት ያለውን ልዩነትስ በምን ታሳያላችሁ? ከሥራ ቦታ የተወሰዱ ምሳሌዎች ካሏችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።