ወደ ኢሴ ለምናደርገው ጉዞ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

የጉዞ ኮሚቴው ጸሐፊ

የተከበራችሁ፣ በጃፓን የምንኖር የማኅበራችን አባላት፤ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የ2019 ዓ.ም. የጋራ ጉዟችን በጃፓን ሚዬ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኢሴ ከተማ እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ወስነናል። ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርበው ሐሳብ የኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የሁላችን እንዲሆን ስለፈለግን ረቂቁን እዚህ አስቀምጠናል።

በረቂቁ መሠረት ቅዳሜ ግንቦት 14 ቀን (ሜይ 22 ቀን 2027) ከቶኪዮና ከኦሳካ ተነሥተን ናጎያ ላይ እንገናኛለን፤ ከዚያ በኪንቴትሱ ባቡር ኢሴ ገብተን ከሰዓት በኋላ ናይኩ የተባለውን የሺንቶ (የጃፓኖች ነባር እምነት) የውስጠኛውን መቅደስ እናያለን፤ አድረን እሑድ ዕለት በቶባ የሚኪሞቶን የዕንቁ ደሴት ጎብኝተን እንመለሳለን። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ግንቦት አጋማሽ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አረፋም ግንቦት 8 ገደማ ስለሚውል ከበዓሉ በኋላ እንሆናለን። ጃፓኖች በሙሉ መንገድ የሚወጡበት የሚያዝያ መጨረሻ የዕረፍት ሳምንትም ያልፋል።

በናጎያ የምትኖር አባል

ኮሚቴው ስለደከመበት አመሰግናለሁ፤ ቀኑ በሚገባ የታሰበበት ነው። ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ ግን ኢሴን ሳናያት እንመለሳለን ብዬ እሰጋለሁ። ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥራ ባልደረቦቼን ተከትዬ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ናይኩ ደረስኩ፤ ከድልድዩ እስከ ዋናው መቅደስ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ከፊቴ ከሚሄደው ሰው ጀርባ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። በዓመቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩና ጎህ ሲቀድ ገባሁ። በኢሱዙ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የኡጂ ድልድይ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የእንጨቱ ሳንቃ በጤዛ ርሶ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ወደ ወንዙ የሚያወርደው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያም መሐረባቸውን አውጥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ ቸኩለው የማያውቁ ይመስል፣ አደረቁ። አባላቱ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ይህ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይገኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲስተካከሉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኢሴ አንድ መቅደስ ብቻ አይደለችም። የፀሐይ አምላክ የምትባለው አማቴራሱ የምትከበርበት ናይኩ አለ፤ የምግብ፣ የልብስና የመጠለያ አምላክ የሆነችው ቶዮኡኬ የምትከበርበት ውጨኛው መቅደስ ጌኩም አለ፤ በሁለቱ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ሲቆጠሩ 125 መቅደሶች ይሆናሉ። በአገሬው ልማድ መጀመሪያ ጌኩ ይታያል፣ ከዚያ ናይኩ። ጌኩ ከኢሴ ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ በሁለቱ መካከል አውቶቡስ አለ። ሁለተኛ፣ ቅጥሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ መግቢያውም በነፃ ነው፤ በጠዋት ለመግባት ግን ኢሴ ውስጥ ማደር ግድ ነው። ሦስተኛ፣ የኦሳካ አባላት ናጎያ ድረስ የሚመጡበት ምክንያት አይታየኝም፤ ኪንቴትሱ ከኦሳካ በቀጥታ ኢሴ ያደርሳል።

ሒሳብ ያዥ

የእህታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከዚሁ ጋር የገንዘቡን ነገር ላንሣ። ባለፈው ዓመት ጉዞ ተማሪዎችና አዲስ የመጡ አባላት በወጪው ምክንያት መቅረታቸው አሁንም ይቆረቁረኛል። ስለ ኢሴ ሳነብ መፍትሔው ከራሷ ከኢሴ ታሪክ ውስጥ ተገኘ። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) አንድ ገበሬ በራሱ አቅም ኢሴ መድረስ ስለማይችል የመንደሩ ሰዎች «ኢሴ ኮ» የሚባል ማኅበር ይመሠርቱ ነበር። ሁሉም በየጊዜው የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት በማኅበሩ ገንዘብ በሁሉም ስም ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ሌሎቹ እስኪዳረሱ ድረስ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ከእኛ እቁብ የሚለየው ዕጣ የደረሰው ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቀሩትም የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ሲመለስ ከመቅደሱ ያመጣውን ክታብ ያካፍላቸዋል። በ1830 እ.ኤ.አ. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ኢሴ እንደሄደ ይነገራል፤ ይህ የሆነው ባቡር በሌለበት ዘመን፣ በእግር ነው።

እኛም ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጉዞው የወር መዋጮ ጀምረን፣ ከተጠራቀመው ላይ አቅም ላጠራቸው አባላት የባቡሩንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ ብንሸፍን መልካም ነው። የእነማን ወጪ እንደተሸፈነ ከሒሳብ ያዥና ከሰብሳቢው በቀር ማንም እንዳያውቅም በጽሑፍ ይቀመጥ። ቶባን ብንተወው ወጪው በግልጽ ይቀንሳል።

በግንባታ ሥራ ላይ ያለ አባል

ቶባ ይቅር በሚለው እስማማለሁ፤ ዕንቁውን በሌላ ጊዜ እናየዋለን። በምትኩ በጌኩ ቅጥር ውስጥ ያለው ሰንጉካን የተባለው ሙዚየም እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምክንያቴን በዝርዝር ልጻፍ፤ ይህ ካልገባን ኢሴ የሄድንበት ጉዳይ አይገባንምና።

የኢሴ መቅደሶች በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራሉ። የመጀመሪያው በ690 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በንግሥት ጂቶ ዘመን ተከናወነ፤ 62ኛው በ2013 ነበር፤ 63ኛው በ2033 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ዋና መቅደስ ጎን በነጭ ጠጠር የተሸፈነ እኩል ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ፤ አዲሱ በዚያ ላይ ይቆማል፣ አሮጌው ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ምሰሶዎቹ መሠረት ድንጋይ ሳይኖራቸው በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ ከፈረንጅ ጥድ ጋር ከሚዛመደው ሂኖኪ የተባለ ዛፍ ይሠራሉ፤ ጣሪያው የሣር ክዳን ነው። ሕንፃው ብቻም አይደለም፤ በውስጡ የሚቀመጡት አልባሳት፣ ሰይፎችና ሌሎች ንዋያት፣ 714 ዓይነት፣ 1576 ዕቃ፣ አብረው በአዲስ ይሠራሉ። በእኛ አገር ቅርስ ስንል አክሱምና ላሊበላ፣ ማለትም ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ኢሴ ላይ ግን ከዘመን ዘመን የሚተላለፈው የአናጺው እጅ ነው። በመጀመሪያው ዙር እንጨት የሚያቀብል ወጣት በሁለተኛው ዙር ራሱ ይሠራል፣ በሦስተኛው ያስተምራል። በሙያዬ ብዙ ሽማግሌ አናጺዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ሲያልፉ ስላየሁ ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል።

ሥርዓቱ ያለችግር የቆየ አይምሰላችሁ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የናይኩ እድሳት ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ በ1585 ነው የቀጠለው። በ1949 ሊከናወን የነበረውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት ምክንያት ወደ 1953 ተላልፏል፤ የኡጂ ድልድይ ግን በቀኑ በ1949 ተሠርቷል፤ ድልድዩ እስከ ዛሬ መቅደሱን በአራት ዓመት እየቀደመ የሚታደሰው በዚህ የተነሣ ነው። የአሮጌው መቅደስ እንጨትም አይጣልም። የጣሪያውን ጫፍ የሚሸከሙት ትልልቅ ምሰሶዎች ተጠርበው በድልድዩ ሁለት ጫፍ ላይ የሚቆሙት ቶሪ የተባሉ በሮች ይሆናሉ፤ 20 ዓመት ከቆሙ በኋላ ሴኪና ኩዋና ወደተባሉ ቦታዎች ሄደው በዚያም በር ይሆናሉ። ድልድዩ አጠገብ ስትደርሱ ያን ምሰሶ ቀና ብላችሁ እዩት።

ሰንጉካን ውስጥ የጌኩ ዋና መቅደስ ከፊሉ በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል። ይህ ያስፈልገናል፤ እውነተኛው መቅደስ በአራት ዙር አጥር የተከለለ ስለሆነ ጎብኚ የሚያየው በሩ ላይ የተጋረደውን ነጭ መጋረጃና የጣሪያውን ጫፍ ብቻ ነው። አባላት ይህን አስቀድመው ካላወቁ ቅር ይላቸዋል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ለ2033ቱ ሥራ የሚሆነውን ግንድ የከተማው ሕዝብ በ2026 እና በ2027 በገመድ እየጎተተ ያስገባል፤ የጌኩ በመንገድ ላይ በሠረገላ፣ የናይኩ ደግሞ በኢሱዙ ወንዝ ውስጥ፣ «ኤንያ!» እያሉ። ባለፈው ዙር ከሌላ አካባቢ የመጡ ሰዎችም ለአንድ ቀን እንደ ነዋሪ ተቆጥረው ገመዱን ይዘዋል። ማኅበራችንም ቢመዘገብስ?

አንጋፋ አባል

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በደስታ አንብቤአለሁ። በመጨረሻው ሐሳብ ላይ ግን ዝም ብል ደስ አይለኝም። የሰውን እምነት በአክብሮት ማየት ተገቢ ነው፤ እንግዳ በሰው ቤት የሚያሳየው ጨዋነት ነው። ግንዱን መጎተት ግን ለመቅደሱ የሚደረግ የአምልኮ ሥርዓት እንጂ ትርኢት አይደለም፤ እነርሱም የሚያዩት እንደዚያ ነው። ማኅበራችን በውስጡ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ አለ። በማኅበር ስም ገመድ ብንይዝ ግማሾቻችን በኅሊናችን እንታወካለን፤ ያለ እምነት ብንይዘው ደግሞ የባለቤቶቹን ሥርዓት ማቃለል ይሆናል። ቀኑ ከገጠመልን ከመንገዱ ዳር ቆመን እንይ፤ እናክብር፤ በዚያ ይብቃን። ሌላው፣ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ቅዳሴ ይቀርብናል።

በዮኮሃማ የሚኖር አባል

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም እንደ ሙስሊም በዚሁ እስማማለሁ። በሁለቱ መቅደሶች ሰዎች ሁለት ጊዜ ሰግደው፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው፣ እንደገና አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ጎብኚ ይህን እንዲያደርግ አይገደድም፣ መንገድ ሳይዘጋ ጸጥ ብሎ መቆም ይችላል። ይህ በሐሳቡ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ማንም ሰው እዚያ ደርሶ አይጨነቅም። የምግቡ ነገርም ይታሰብልን፤ በከተማው የታወቀው የኢሴ ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) መረቅ ከዓሣ የሚወጣ ነው፣ ሶሱ ውስጥም አልኮል ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ።

በናጎያ የምትኖር አባል

ጋሼ ስለ ቅዳሴው ያነሡት ነገር መንገዱን አሳየኝ። ለምን ዓርብ ማታ አንሄድም? ከሥራ በኋላ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከቶኪዮ በሺንካንሰን (በፈጣኑ ባቡር) የተነሣ ሰው ናጎያ ባቡር ቀይሮ 4 ሰዓት አካባቢ ኢሴ ይገባል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጌኩ እንሆናለን፣ ማታ ወደየቤታችን እንመለሳለን፣ እሑድ ነፃ ነው። የጁምዓ ሶላትም አይነካም።

የምግቡን በተመለከተ፣ ከናይኩ ፊት ለፊት ባለው በኦሃራይማቺ መንገድ ላይ ከ1707 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አካፉኩ የተባለ ጣፋጭ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፍታል። የተወቀጠ ሩዝ ላይ የጣፈጠ ቀይ ባቄላ ተለብጦበት የሚቀርብ ነው፤ በላዩ ላይ በጣት የተሠሩት ጎድጓዳ መስመሮች የኢሱዙን ወንዝ ሞገድ ያሳያሉ። ሥጋ፣ ወተትም ሆነ ዓሣ የለበትም፤ ሁላችንም አብረን ልንቀምሰው እንችላለን። ጉልበታቸው ለሚያማቸው ደግሞ ይህን ልንገራችሁ፦ ጠጠሩ ወፍራም ነው፣ ናይኩ መጨረሻ ላይ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከደረጃው ሥር ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ፎቶ ማንሣት የሚፈቀደውም እስከዚያው ድረስ ነው።

የጉዞ ኮሚቴው ጸሐፊ

አስተያየታችሁን ሰብስበን ሐሳቡን እንደሚከተለው አሻሽለነዋል።

«ማኅበሩ ዓርብ ግንቦት 13 ቀን 2019 ዓ.ም. ማታ ኢሴ ይገባል፤ የቶኪዮ አባላት በናጎያ በኩል፣ የኦሳካ አባላት በቀጥታ ይመጣሉ። ቅዳሜ ግንቦት 14 ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጌኩ፣ ቀጥሎ በአውቶቡስ ናይኩ፣ ከዚያ በኦሃራይማቺ ቁርስ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰን በሰንጉካን ሙዚየም ገለጻ እንሰማለን፤ ገለጻውን በግንባታ ሥራ ላይ ያለው አባላችን በአማርኛ ያደርጋል። በሁለቱ መቅደሶች አባላት በአክብሮት የሚገኙት እንደ ጎብኚ ነው፤ መስገድም ሆነ ማጨብጨብ አይጠበቅባቸውም። ማኅበሩ በግንድ መጎተቱ ሥርዓት በስሙ አይመዘገብም፤ ቀኑ ከገጠመ ከመንገድ ዳር ይመለከታል። ከያዝነው ወር ጀምሮ በሒሳብ ያዥ አማካይነት የጉዞ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ድጋፍ የተደረገላቸው አባላት ስም አይገለጽም።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ፤ በባቡር ትኬቱ ላይ ግን 11 ሰዓት ተኩል የሚለው 5፡30 ተብሎ ነው የሚገኘው፤ ባለፈው ጉዞ ሁለት አባላት በዚሁ ምክንያት ባቡር አምልጧቸዋል። የናጎያዋ እህታችን ከጌኩ በእግር በሚደረስበት ቦታ ማደሪያ ለመያዝ ፈቃደኛ ስለሆነች፣ የሚሄዱ አባላት ስማቸውንና ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው ከሆነ ይህንኑ ጨምረው እስከ ወሩ መጨረሻ ይላኩላት።

አንጋፋ አባል

ተስማምቻለሁ። እኔን ከደረጃው ሥር ከሚቆሙት መካከል ጻፉኝ።