የኤችኦ ሞዴል ሎኮሞቲቭ፦ ሦስት እጥፍ ዋጋ ለድምፅና ለዝርዝር ሥራ ያዋጣል?

አዳማ87፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ 1.22 በ2.44 ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ ኤችኦ (የሞዴል ባቡር መጠን ነው) ሀዲድ ዘርግቻለሁ፤ መቆጣጠሪያው ተራ የ12 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ነው። ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሊይዝልኝ ነው። ርካሹ ድምፅ የለውም፣ የእጅ መያዣዎቹም ከቦዲው ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው። ውዱ ድምፅ አለው፣ መያዣዎቹ ለየብቻ የተተከሉ ሽቦዎች ናቸው፤ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሀዲድ_ጠባቂ፦
ከሁለቱም በፊት ሞተሩን እይ። ድምፅ በኋላ ይጨመራል፣ የተሰበረ መያዣ ይተካል፤ ደካማ ሞተርና ጥርስ (ማርሽ) ግን አብሮህ ይኖራል። ሻጩ በጣም በዝግታ ሲሄድ ቪዲዮ ይላክልህ። ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ቀጭ የሚል ከሆነ ጥርሱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ በተለይ ያገለገለ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው።

ዝርዝር ሥራን በተመለከተ፣ ሰሌዳህ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ዓይንህ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። የአየር ማራገቢያው ወንፊት አሳልፎ የሚያሳይ ነው ወይስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ? ጽሑፉስ ጥርት ብሎ ይነበባል? ለእነዚህ ክፈል። ከሥር ላሉት ቱቦዎች መክፈል ግን ትርፍ ነው፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አያያቸውም። ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ይሰበራሉ፤ ከነካርቶኑ፣ በእጅ ሻንጣ ይምጣ።

ሞገድ፦
የድምፁ ዋጋ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። በተራ ዲሲ ብዙዎቹ ዲኮደሮች (ድምፁንና ሞተሩን የሚያዙት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) የሚነቁት 6 ወይም 7 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በታች ሎኮሞቲቩ ንቅንቅ አይልም፣ ዝግ ያለ ጉዞ ታጣለህ፣ ጥሩምባውንም በፈለግኸው ጊዜ አታስነፋም። ስለዚህ የዲጂታል መቆጣጠሪያውን ዋጋ ደምረህ አስላ።

ትንሽ ስፒከር የናፍጣ ሞተርን ጎርናና ድምፅ አያወጣም። የስፒከሩ ሳጥን አየር የሚያስወጣ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ከፋብሪካ ሲመጣ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ ከፍ ያለ ነው። ዲኮደሩ ሎክሳውንድ 5 የሚባለው ከሆነ፣ ሲቪ 63ን (የድምፁን መጠን የሚወስነውን የዲኮደር ቁጥር) ወደ 80 አውርደው (ጣሪያው 192 ነው)፤ ወዲያው ይጠራል።

የአዳማ አቧራም አለ። ሀዲዱ ሲቆሽሽ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ድምፁም እየተቆረጠ ከመጀመሪያው ይነሳል። ኮንደንሰር (ለአፍታ ኃይል የሚያቆይ) የተገጠመለት ይሻላል። ሀዲዱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ጨርቅ ጥረገው። ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀም፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

አዳማ87፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ድምፅ የሌለውን ገዝቼ በኋላ ልጨምርበት?

ሞገድ፦
ባለ 21 ፒን ወይም ፕሉክስ22 ሶኬት (ዲኮደር የሚሰካበት) እና የስፒከር ቦታ ካለው፣ አዎ። ሎክሳውንድ 5 ከነስፒከሩ ለብቻው ይሸጣል። ስትገዛ የዚያው ሎኮሞቲቭ ድምፅ ተጭኖበት ይምጣ፤ ያለዚያ ለመጫን ሌላ መሣሪያ መግዛት ይኖርብሃል። ሶኬት ከሌለው ግን ተወው። ሞተሩን ከሻሲው ለይቶ ሽቦ መበየድ ነው፣ አንዲት ሽቦ ሻሲውን ከነካች ዲኮደሩ ሊቃጠል ይችላል።

ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቢሆን ኖሮ ለድምፅ አትክፈል እልህ ነበር፤ ከማራገቢያ ጩኸት ብዙ አያልፍም። ናፍጣ ግን ያለ ድምፅ ግማሹ ጎድሎታል።

ሀዲድ_ጠባቂ፦
አንድ ወጥመድ ቀረ። ጀርመን ውስጥ ያው ሎኮሞቲቭ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ለሁለት ሀዲድ ዲሲ፣ እና መሐል ላይ ሦስተኛ መስመር ላለው የሜርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር አምራች) ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት)። ሁለተኛው ያንተ ሀዲድ ላይ አይሄድም፤ ሥሩ ላይ ረጅም የብረት ምላስ ካየህ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትንሹን የኩርባ ራዲየስም ተመልከት። በ1.22 ሜትር ወርድ ከ55 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ኩርባ አታገኝም።