ሮደስ ሣርና ዴስሞዲየም አንድ ላይ ይዘራሉ?

ጥያቄ፦
ግማሽ ሄክታር ላይ ለከብት መኖ ሮደስን ከዴስሞዲየም (የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ የመኖ ተክል) ጋር ቀላቅዬ ልዘራ ነው። ዘሩ ስንት ይሁን? ሮደስ ብዙ ጊዜ ሳይበቅል የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጥልቀት ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አይወጣም። ማሳውን በደንብ አለስልሰው ከላይ ይበትኑት፤ ከዚያ በቅርንጫፍ ጎትተው አፈሩን ጠቅጠቅ ያድርጉት። 4 ኪሎ ሮደስና 1 ኪሎ ተኩል ዴስሞዲየም ይበቃል። የሮደስ ዘር ፀጉራም ነውና እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ካልደባለቁት እኩል አይበተንም። አዲስ የተሰበሰበ ዘር ደግሞ ጥቂት ወራት ካልቆየ አበቃቀሉ ደካማ ነው።

መልስ 2፦
ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ላይ ይጠንቀቁ! ናይትሮጅን ሲበዛ ሣሩ ይፈጥንና ዴስሞዲየሙን ያፍነዋል። ፎስፈረስ ግን ዴስሞዲየሙን ያግዘዋል። እሱ ሲጀምር በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አረሙን አይተዉት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንዱ ጥግ ውሃ ይተኛበታልሳ?

መልስ 1፦
እዚያ ሮደስ አያዋጣም። ፓራ ሣር ይትከሉ፤ 3 አንጓ ያለው የግንድ ቁራጭ፣ 2 አንጓው አፈር ውስጥ ገብቶ።