የመድኃኒት ቡድናችን እንዳይበተን ምክራችሁን እሻለሁ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ከጤና ጣቢያ ርቀን የምንኖር 6 ታካሚዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሞዛምቢክ ቴቴ እንደተጀመረው አሠራር፣ በየተራ አንዳችን እየሄድን የሁላችንንም መድኃኒት እናመጣለን፤ ተረኛው በዚያው ምርመራውን ያደርጋል፣ ለሌሎቻችን ደግሞ የመሳፈሪያ ገንዘብና የሥራ ቀን ይተርፈናል።

ባለፈው ወር ግን አንዲት እናት፣ ጎረቤቶቿ ስለ መሰባሰባችን መጠያየቅ ስለጀመሩ፣ መምጣት አቆመች። ቤቷ ስሄድ የብልቃጡን ወረቀት ልጣ፣ ክኒኖቹ ድምፅ እንዳያሰሙ ጥጥ ጠቅጥቃበት፣ ከጤፍ ማዳበሪያ ሥር ደብቃዋለች። አብረን ስንቆጥራቸው ብዙ ቀን መዝለሏን ተረዳሁ። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ሊላመደው እንደሚችል ስለማውቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ለጤና ባለሙያው ብናገር አደራ መብላት መሰለኝ፣ ዝም ብል ደግሞ ሕይወቷ ያሳስበኛል።

እንዲህ ያለ ቡድን የምትመሩ ወገኖቼ፣ መሰብሰቢያችንን ወደ ጤና ጣቢያው ግቢ ብናዛውር ይሻላል ትላላችሁ? ብቻዋን የ6 ወር መድኃኒት ትውሰድ እንዳልል፣ ያ የሚሰጠው ቫይረሱ ለተገታላቸው ነው። ራሷ ለባለሙያው እንድትናገርስ ሳላስደነግጣት እንዴት ላግባባት?