«ማንም አይጎዳም» ስለተባለው የብላድሃውንድ አደን ክርክር

የለስተሯ፦
ጋሼ ባለ ፈረሱ እሁድ ዕለት የጻፉትን ካነበብኩ ጀምሮ ብስጭቴ አልበረደልኝም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት እዚህ እንግሊዝ ከአንድ የብላድሃውንድ (የሰው ጠረን እየተከተለ የሚሄድ ውሻ) ክለብ ጋር ሲጋልቡ እንደከረሙ ነገሩን። ይሁን፣ ፈረስ የሚጠላ የለም። መዝጊያው ላይ ግን እንዲህ አሉ፦ «ቀበሮ የለ፣ ደም የለ። የሚታደነው ሰው ነው፣ ማንም አይጎዳም። መንግሥት ትሬይል ሀንቲንግን (ውሾች መሬት ላይ የተጎተተ ጠረን የሚከተሉበትን አደን) ሲያግድ ሁሉም ወደዚህ ይግባ።»

ጋሼ፣ እኔ የምኖረው አደን በደጁ በሚያልፍበት መንደር ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ሃያ ምናምን ውሻ ጓሮዬን ወረረው። የልጄን ብስክሌት ገለበጡት። ድመታችን ጣሪያ ላይ ወጥታ እስከ ማታ አልወረደችም። ቀይ ኮት የለበሰው ሰውዬ ከፈረሱ ሳይወርድ «ዱካ እየተከተሉ ነው» ብሎኝ አለፈ። ዱካውን ጓሮዬ ውስጥ ማን አስገባው? እኔን ማን ጠየቀኝ? «ማንም አይጎዳም» የሚል ሰው መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ።

ባለ ፈረሱ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽ በደል ነው። ግን ያለ ቦታው አታምጪው። ጓሮሽ የገቡት ፎክስሃውንዶች፣ የቀበሮ አደን ውሾች ናቸው። የትሬይል ሰዎች የቀበሮ ሽንት ጨርቅ ላይ ነክረው መሬት ለመሬት ይጎትቱታል። ውሻው ያንን እየተከተለ እውነተኛ ቀበሮ ሲያገኝ ወደዚያው ይዞራል። ለአፍንጫው ሁለቱም አንድ ናቸው። የእኛዎቹ ግን የሚከተሉት ሰውን ነው። ጫማው ላይ ምንም አይቀባም። የሯጩ የራሱ ጠረን ይበቃቸዋል።

ቀኑ እንዴት እንደሚውል ልንገርሽ። ማስተሩ፣ የአደኑ አለቃ፣ አስቀድሞ ከገበሬዎቹ ጋር ይነጋገራል። የቱ ማሳ ስንዴ እንደበቀለበት፣ የቱ በግ እንዳለበት ይታወቃል። የሯጩ መንገድ በዚያ ልክ ይወጣል። ሯጩ ይሄዳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን። ከዚያ ውሾቹ ይለቀቃሉ። ጆሯቸው ሣሩን እየጠረገ፣ የግንባራቸው ቆዳ ዓይናቸው ላይ ወድቆ፣ መጀመሪያ ዝም ብለው ያነፈንፋሉ። አንዷ ታገኘዋለች። ያ ድምፅ! ከደረት የሚወጣ፣ ሸለቆውን የሚሞላ ድምፅ ነው። ፈረሱ ከሥርሽ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል። አጥር ዘለን፣ ጭቃ ለብሰን ስንደርስ ሯጩ ዛፍ ሥር ቆሞ ከኪሱ ብስኩት እያወጣ ያድላቸዋል። ፊቱን ይልሱታል። በቃ። ቀበሮን በዚህ ሩጥ፣ በዚያ አትሂድ የሚለው የለም። ሯጭን ግን ይሉታል። የእኛ ውሾች ጓሮ የማይገቡት ለዚህ ነው።

የአዊ ልጅ፦
ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ! ሀበሻ በዚህ አገር ፈረስ ላይ ወጥቶ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ያደግነው በፈረስ ነው። ጥር 23 እንጅባራን ያየ ሰው ይህን አያጣውም። እህታችን የእንግሊዝ መኳንንት ላይ ያላትን ቁጭት በእርስዎ ላይ ነው ያወረደችው።

የለስተሯ፦
የአዊ ልጅ፣ ስለ መኳንንት አንድም ቃል አልተናገርኩም። ስለ ጓሮዬ ነው የተናገርኩት። እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው የሰው ጓሮ አይገባም፣ የሚያሳድደውም ነፍስ የለም። ራስህ ባመጣኸው ምሳሌ ፈረስ ለመጋለብ አደን እንደማያስፈልግ መሰከርክ።

ሕግ ነክ፦
ነገሩ እንዳይደበላለቅ ልለየው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በእንግሊዝና በዌልስ የዱር እንስሳን በውሻ ማደን የተከለከለው በ2004ቱ ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው የካቲት 18 ቀን 2005 ነው። ትሬይል ሀንቲንግ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የብላድሃውንድና የድራግ (ሰው ሠራሽ ጠረን የሚጎተትበት) አደን ግን ከሕጉ በፊትም ነበሩ። የዱር እንስሳ ስለማያሳድዱ ሕጉ አይነካቸውም።

ትሬይል ሀንቲንግ ሽፋን ነው የሚለውን ክስ ያጋጋለው በ2020 ሾልኮ የወጣው የአደን ኃላፊዎች የኦንላይን ስብሰባ ነው። አንዱ ኃላፊ እዚያ በተናገረው በ2021 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2022 በይግባኝ ነፃ ወጣ። ይህን የማነሳው ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ ስለሚጠቅስ ነው። በ2021 ቅርስና መሬት የሚጠብቀው የናሽናል ትረስት አባላት በድርጅቱ መሬት ላይ ትሬይል ሀንቲንግ እንዲቆም ድምፅ ሰጡ፣ 76,816 ለ38,184። ስኮትላንድ በ2023 በሕግ ዘጋችው። ሌበርም በ2024 የምርጫ ማኒፌስቶው አግዳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስለዚህ ጋሼ ባለ ፈረሱ የሚጋልቡት ጨዋታ ሕጋዊ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የለስተሯ፦
ሕጋዊ አይደለም ያለ ሰው አለ? እኔ የያዝኩት «ማንም አይጎዳም» የሚለውን ነው። ሕጋዊ ሆኖ የሚጎዳ ስንት ነገር አለ።

በግ ጠባቂ፦
እኔም ያቺ አባባል ናት ያስቆጣችኝ። የምሠራው በግ እርባታ ላይ ነው። በየካቲት በጎቹ ለመውለድ የተቃረቡ ናቸው። ያረገዘች በግ ስትባረር ትጨነግፋለች፣ ይህ ተረት አይደለም። እኛ ጋ ያለፈው ክለብ የጋሼ ዓይነት ነው፣ ሰው የሚከተል። ቀበሮ አልነበረም። ውሾቹም በጎቹን አልነኩም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ከጎናቸው ባለው ማሳ አርባ ፈረስ ሲያልፍ በጎቹ አንዱ ጥግ ላይ ተደራርበው አጥሩን ደረመሱት። አንዷን ከቦይ ውስጥ በእጄ ነው ጎትቼ ያወጣኋት። ጠጉሯ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዳ ነበር። ሁለት ሆነን ነው የቻልናት። በነጋታው ሁለት የሞቱ ጠቦቶች ጣለች።

ገበሬው ይጠየቃል አሉ ጋሼ። የትኛው ገበሬ? የተጠየቀው ባለ መሬቱ ነው። መሬቱን ተከራይቶ በግ ያሰማራው አሠሪዬ የሰማው ጠዋት ላይ፣ ፈረሶቹ ከመኪና ሲወርዱ ነው። ኪራይ ከፋይ ደግሞ ባለ መሬቱን አይከስም፤ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ነው።

ባለ ፈረሱ፦
ያ ክለብ አጥፍቷል። የእኛ ማስተር ተከራዩን ሳያናግር መስመር አያወጣም። አንድ ክለብ ስላጠፋ ሁላችንም አጥፊ ነን ማለት ልክ አይደለም።

በግ ጠባቂ፦
ጋሼ፣ «ማንም አይጎዳም» ሲሉ ስለ እርስዎ ክለብ ብቻ አልነበረም። «ሁሉም ወደዚህ ይግባ» ብለዋል እኮ። ሁሉም ሲገባ ያኛውም ክለብ ይገባል። ደግሞ የ1953ቱ የከብት ጥበቃ ሕግ በግ ያለበት ማሳ ውስጥ ውሻ ያለ ማሰሪያ መልቀቅን ጥፋት ሲያደርግ፣ የአደን ውሾችን መንጋ ለይቶ አውጥቶታል። እኔ የራሴን ውሻ ብለቅ እጠየቃለሁ፣ እነሱ ግን በዚህ አይጠየቁም። መጀመሪያ ያ ይስተካከል።

የአዊ ልጅ፦
ሥራውንስ ለምን አታነሱም? ፈረስ ጫማ የሚያበጀው፣ ባልደራሱ፣ ድርቆሽ ሻጩ ሁሉ የሚበላው ከዚህ ነው። መንግሥት ስለ አደን አስጠንቶ በ2000 የወጣው የበርንስ ሪፖርት በአደን ላይ የተመሠረተውን የሙሉ ጊዜ ሥራ ከ6,000 እስከ 8,000 ገምቶታል። አደኑ ሲዘጋ እነዚህን ማን ያኖራቸዋል? ጋሼ ያሉት መልስ ይሆናል። ፈረሱም ይኖራል፣ ባልደራሱም ይኖራል፣ ቀበሮው ብቻ ይወጣል።

ኮቬንትሪ፦
ከዚያው ሪፖርት ደግሞ ቀበሮው በአደን ክፉኛ እንደሚጎዳ የጻፈውን ለምን ዘለልከው? የሚመችህን ገጽ ብቻ አትግለጥ።

የአዊ ልጅ፦
ቀበሮው ይውጣ አልኩ እኮ! አንብበህ መልስ። አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ቀርታለች። ባሌ ላይ የምትጨርሳት የውሻ በሽታ ናት። ስለ እንግሊዝ ቀበሮ እንዲህ የሚንገበገብ ሀበሻ ስለ እሷ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

ኮቬንትሪ፦
እኔ ጽፌያለሁ። ለውሾች ክትባት በተዋጣ ጊዜም ከፍያለሁ። አንዱን መውደድ ሌላውን አያስጠላም። ወደ ጉዳዩ ተመለስ።

ሕግ ነክ፦
የሥራው ነገር ካልቀረ፣ «ሁሉም ወደዚህ ይግባ» ቀላል አይደለም። ብላድሃውንድ የሚያሰማሩ ክለቦች ጥቂት ናቸው፣ በደቡብ ምሥራቅ ኮክሃም፣ በሊንከንሻየር ክራንዌል፣ እንዲህ እንዲህ። የፎክስሃውንድ ክለቡ ግን ብዙ ነው። ለቀበሮ የሠለጠነን ውሻ ነገ ተነስተህ ሰው ተከተል ብትለው ቀበሮውን አይረሳም። ቡችላ ሆኖ ነው የሚጀመረው። ያሉት ውሾች ታዲያ ምን ይሆናሉ? ፎክስሃውንድ ሲያረጅ እንደሚገደል የታወቀ ነው። እገዳው ሲመጣ ገና ያላረጁትም ያሰጋቸዋል። ጋሼ ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

ሰው ነኝ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አልቻልኩም።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በእግር፣ በጭነት መኪናና በጀልባ ነው። አንድ ድንበር ላይ ሌሊት ውሻ ለቀቁብን። ጫካ ውስጥ በሆዳችን ተኝተን ነበር። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ከዚያ ከጎንህ ያለው ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ትሰማለህ። ውሻው ሲቀርብ የአንገቱ ሰንሰለት ይንኳኳል። ጓደኛዬ አፉ ውስጥ አፈር ጎርሶ ነበር፣ እንዳያስለው።

ጋሼ፣ እርስዎ «ያ ድምፅ!» ያሉበት ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። እርስዎን አልከስም። ግን «የሚታደነው ሰው ነው» ብለው በደስታ ሲጽፉ፣ ከአንባቢዎችዎ መካከል ስንቱ ታድኖ እንደመጣ አላሰቡም። እኔ የተጎዳሁ ማንም ነኝ።

የለስተሯ፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። ይህ የአንተ ብቻ አይደለም። በ1795 እንግሊዞች ጃማይካ ውስጥ ማሩኖችን፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎችንና ልጆቻቸውን፣ ለመስበር መቶ ያህል ውሻ ከነአሠልጣኞቹ ከኩባ አስመጡ። ሰዎቹ እጃቸውን ሰጡ። ከአገራችሁ አትባረሩም ተብለው ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ቃሉ ታጥፎ ካናዳ ወዳለው ኖቫ ስኮሺያ ተጫኑ። በ1800 ደግሞ ከዚያ ወደ ሴራሊዮን። አሜሪካም ከባርነት ያመለጠ ሰው በውሻ ሲታደን ኖሯል። ለጥቁር ሕዝብ ይህ ጨዋታ ታሪክ አለው።

ሕግ ነክ፦
የኩባዎቹ ውሾች ብላድሃውንድ ይባሉ እንጂ የእንግሊዙ ዝርያ አይደሉም። እነዚያ ለመንከስ የተያዙ ከባድ ውሾች ናቸው። የእንግሊዙ ፈልጎ ያገኛል፣ ጠባዩም ለስላሳ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ነው።

ሰው ነኝ፦
ጨለማ ውስጥ ዝርያ አይታይም።

ባለ ፈረሱ፦
ልጄ፣ ያሳለፍከውን እግዜር ያስረሳህ። ካንተ ጋር አልከራከርም። ያደረጉብህ ሰዎች ናቸው፣ ክፉዎች። የእኛ ሯጭ ግን በፈቃዱ ነው የሚወጣው። ደከመኝ ካለ ይቆማል። አንተን የጠየቀህ የለም፣ እሱን ጠይቀነዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው። የጠፋ ሕፃን የሚፈለገውም በዚሁ አፍንጫ ነው። 

ሰው ነኝ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ሯጩን እንደጠየቃችሁት ገባኝ። እኔ ያልኩት እኔን ነው።

በግ ጠባቂ፦
ነገሩ ሁሉ የሚመጣው እዚያው ላይ ነው። ሯጩ ተጠየቀ፣ ባለ መሬቱ ተጠየቀ። ተከራዩ አልተጠየቀም፣ ባለ ጓሮዋ አልተጠየቀችም። ያልተጠየቁት ተሰብስበው ሲናገሩ «ያ ሌላ ክለብ ነው» ይባላል። በሕጉ ውስጥ ተከራይና የመንደሩ ነዋሪ በጽሑፍ ካልተስማሙ መስመር አይወጣም ተብሎ ይጻፍ። ያኔ እኔም እደግፋለሁ።

የአዊ ልጅ፦
ነዋሪው ሁሉ በጽሑፍ? አንድ ሰው እምቢ ካለ ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። ይህ በሌላ ስም ማገድ ነው።

በግ ጠባቂ፦
አንድ ሰው እምቢ ካለ በእሱ በኩል አትሂዱ። ሯጭን በዚህ ሩጥ ማለት ይቻላል ተብሎ ተነግሮን የለ?

የለስተሯ፦
ጋሼ፣ ሌላው ይቆይ። «ሁሉም ወደዚህ ይግባ» ያሉትን ይተዉታል ወይስ አይተዉትም?

ባለ ፈረሱ፦
አልተውም። ሳይገቡ ቢቀሩ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። በድብቅ ቀበሮውን ያሳድዳሉ፣ አንቺም ጓሮሽን ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ። በጽሑፍ ይሁን የተባለውን ግን ለማስተሩ አቀርባለሁ። ለመንደሩ ሁሉ አይሆንም፣ ለተከራዮች ይሆናል።

የለስተሯ፦
ለመንደሩ ለምን አይሆንም?

የአዊ ልጅ፦
ተመልሶልሻል።

የለስተሯ፦
አልተመለሰልኝም። የጠየቅኩት ጋሼን ነው።