የፊዚክስ መምህራንን ቴክኖሎጂ ላሠለጥን ነው፤ ከምን ልጀምር?

የገጠሩ ቲቸር
ሰላም ቲቸሮች። በክላስተራችን ላሉ የፊዚክስ መምህራን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ሥልጠና አንተ ስጥ ተብያለሁ። ርዕሱ ዲጂታል ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ መጠቀም ነው። ያለን አንድ ፕሮጀክተርና የየራሳችን ስልክ ነው። ኢንተርኔት የለም ማለት ይቻላል፤ መብራትም ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ያለፈው ሥልጠና ቀኑን ሙሉ ፓወርፖይንት ላይ ጽሑፍ ስናስገባ አለቀ። ክፍል ገብቶ የተጠቀመበት ሰው ግን አላየሁም። እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምሩ ነበር?

አሮጌ ድንጋይ
ከ10ኛ ክፍሉ ኤሌክትሪክ ጀምር። ልጆች "የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን ስለሚበላው ለሁለተኛው ትንሽ ነው የሚደርሰው" ይላሉ አይደል? (እንዳንዋሽ፣ እኛም ውስጥ የሚል አለ።) ፌት (PhET) የሚባለውን ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ አስቀድመህ ላፕቶፕህ ላይ አውርድ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ አምፖል በርቶ ሌላ በፓራለል (በራሱ መስመር ጎን ለጎን) ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መጀመሪያ ሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ማውሱን ስጣቸው፤ አንተ እንዳትነካ።

ቀጥሎ ያንኑ በሽቦና በባትሪ ድንጋይ ይሥሩት። ሲሙሌሽኑ ላይ የመጀመሪያው አምፖል ብርሃን አይቀንስም። በደከመ ድንጋይ ግን ደብዘዝ ይላል። ክርክሩ የሚጦፈው ያኔ ነው። ምክንያቱ የድንጋዩ የውስጥ ሬዚስታንስ (ድንጋዩ ራሱ ከረንቱን የሚገታበት መጠን) ነው፤ ሲሙሌሽኑም ላይ የባትሪውን ሬዚስታንስ ከፍ ብታደርገው አምፖሉ ይደበዝዛል። እኛ ጋ የሻይ ሰዓት አልፎ እንኳ ከወንበሩ የተነሳ አልነበረም።

የፕላዝማ ዘመን ሰው
ወንድሜ፣ ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት) ሲገባ እኔ 9ኛ ክፍል አስተምር ነበር። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ለእኛ የተተወልን መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚጠብቀው የለም። ሠልጣኞችህን እየመሃሉ አቁመው መጠየቅ አለማምዳቸው። እሱን ብቻ ይዘው ቢወጡ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሜካኒክስ ወዳጇ
መብራት ከጠፋ ፋይፎክስን (phyphox) ስልካቸው ላይ ጫንላቸው። የጀርመኑ የአኽን ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያ ነው። በድምፅ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት አለው። ክብደት ያንጠለጠልክበትን ፊኛ ስታፈነዳው ይጀምራል፤ ክብደቱ ወለሉን ሲመታ ይቆማል። ከ1.25 ሜትር ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሰጥሃል፤ የመሬት ስበት አክስለሬሽንን (g) ራሳቸው ያሰሉ። ታዲያ ክፍሉ ከተንጫጫ ሰዓቱን ጫጫታው ያቆመዋል። ሰዓቱን የሚያስነሳውን የድምፅ መጠን ከፍ አድርገው።

የገጠሩ ቲቸር
እግዜር ይስጥልኝ! ድንጋይና አምፖል ከሱቅ አላጣም። ግን ትምህርት ቤታችን ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ከልክሏል።

ሜካኒክስ ወዳጇ
የአንተው አንድ ስልክ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ቁጥሩን አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ነው ታዲያ!